ከጉና ምንጮች እስከ ፎገራ ረግረግ፦ የትንንሾቹ ዓሦች ጉዳይ

የጣና ዓሣ ሲነሳ ወሬው የሚያርፈው ገበታ ላይ በሚቀርበው ላይ ነው፤ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ። ደብረ ታቦርም ሆነ ወረታ፣ አዲስ ዘመንም ሆነ ሐሙሲት፣ ዓሣ የሚባለው ከሐይቁ ተጭኖ መጥቶ ሚዛን ላይ የሚወጣው ነው። ከጉና ተራራ ሥር በሚነሱት ጅረቶች፣ በርብና በጉማራ ወንዞች ገባሮች፣ ክረምት በሚያጥለቀልቀው የፎገራ ሜዳ ግን ከጣት የማይበልጡ ዓሦች አሉ። ሚዛን ላይ አይወጡም፤ ብዙ ሰውም ከዓሣ አይቆጥራቸውም። የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ የእነሱ ነው፦ እነማን ናቸው? ስለ እነሱ እስከ ዛሬ ምን ታውቋል? ምኑ ያከራክራል? አሁን ባሉበት ሁኔታስ ምን ይጠብቃቸዋል?

መልሱን ከወዲሁ ልናገር። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ስለ ጣና ዓሦች የተጻፈውን አንድ ላይ አድርጎ ላየ ሰው፣ የሐይቁ ዕጣ የሚወሰነው ከሐይቁ ይልቅ በትንንሾቹ ውኃዎች ነው። ትልቁ ዓሣ የሚፈለፈለው በጅረት ነው፤ ትልቁ ዓሣ የሚበላው ትንሹን ነው፤ ሐይቁ በደረቀበት ዘመንም ዘሩ ተርፎ የቆየው በወንዞቹ ሳይሆን አይቀርም። ጥበቃው፣ ሕጉና ገንዘቡ ግን ሁልጊዜ የሚያነጣጥረው ሰፊው ውኃ ላይ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ኪሊፊሽ የሌለበት ተፋሰስ

በአፍሪካ የትንሽ ውኃ ዓሣ ሲጠና ቀድሞ የሚጠቀሰው ኪሊፊሽ ነው። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ረግረጎችና የደን ጅረቶች የሚኖሩት ኤፒፕላቲስና አፊዮሴሚዮን የሚባሉት ወገኖች አብዛኞቹ ከ10 ሴንቲሜትር በታች ናቸው። ቁርጭምጭሚት በማያልፍ ውኃ፣ ከረገፈ ቅጠል መሀል ይውላሉ፤ ወንዶቹ በሰማያዊ፣ በቀይና በብርቱካን ቀለም የተዋቡ ናቸው። በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ የሚገኙት ኖቶብራንኪየስ የተባሉት ዘመዶቻቸው ደግሞ ክረምት ሞልቶ በጋ በሚደርቅ ኩሬ ውስጥ ይኖራሉ። እንቁላላቸውን ጭቃው ውስጥ ይቀብራሉ። ኩሬው ሲደርቅ ወላጆቹ ያልቃሉ፤ በእንቁላሉ ውስጥ ያለው ፅንስ ግን እድገቱን ገትቶ የሚቀጥለውን ዝናብ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1968 በዚምባብዌ የተገኘው ኖቶብራንኪየስ ፉርዘሪ የሚኖረው ጥቂት ወራት ብቻ በመሆኑ፣ ዛሬ ስለ እርጅና የሚመራመሩ ላቦራቶሪዎች ዋና መሣሪያ ሆኗል።

ኪሊፊሽ በአገራችንም አለ። በጋምቤላ፣ በባሮ ቆላማ ውኃዎች፣ የምዕራብ አፍሪካዎቹ የቅርብ ዘመድ ኤፒፕላቲስ ይገኛል። በአዋሽና በስምጥ ሸለቆ ውኃዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1883 በሳይንስ የተመዘገበውና በኢጣሊያዊው ተጓዥ በኦራዚዮ አንቲኖሪ ስም የተሰየመው ትንሽ ዓሣ ይኖራል። በአፋር፣ ከባሕር ወለል በታች ባለው ጨዋማ የአፍዴራ ሐይቅ የሚኖረውን አፋኒየስ ስቲያስኒያይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሳይንስ ያስተዋወቁት ኢትዮጵያዊው የዓሣ ተመራማሪ አበበ ጌታሁን ከኬኔት ላዛራ ጋር ሆነው ነው።

በጣና ተፋሰስ ግን ኪሊፊሽ የለም። ከሐይቁ መውጫ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ያለው፣ ወደ 40 ሜትር የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ለሚመጣ ዓሣ የማይታለፍ ግንብ ነው። በዚህ ምክንያት በሱዳን ቆላ ዓባይ ብዙ የዓሣ ቤተሰቦች ሲታዩ በጣና ያሉት አራት ብቻ ናቸው። የቆሮሶ ቤተሰብ በአንድ ዝርያ፣ የአምባዛ ቤተሰብም በአንድ ዝርያ ተወክለዋል። ሦስተኛው ኔማኬይሊድ የሚባለው፣ ድንጋይ ሥር የሚኖር ቀጭን ዓሣ ያለበት ቤተሰብ ሲሆን በዚህ በኩልም የሚታወቀው አንድ ዝርያ ነው። የቀሩት በሙሉ የነጭ ዓሣ ቤተሰብ ናቸው። ሌላው ያልደረሰበትን ውኃ ይህ አንዱ ቤተሰብ ተከፋፍሎ ያዘው። በምዕራብ አፍሪካ ኪሊፊሽ በሚኖርበት ዓይነት ጥግ፣ በጎንደር ደጋ የሚገኙት ትንንሾቹ ባርበሶችና ጋራ የሚባሉት ናቸው።

እዚህ ላይ ለጠቅላላው ጉዳይ ቁልፍ የሆነ ልዩነት አለ። የኖቶብራንኪየስ እንቁላል ድርቅን ይችላል፤ የጣና ዓሦች እንቁላል አይችልም። ኩሬው ከወንዝ ተቆርጦ ቢደርቅ የኖቶብራንኪየስ ዘር በጭቃው ውስጥ ይተርፋል። በፎገራ ሜዳ ከወንዙ ተቆርጦ የቀረ ጫጩት ግን አብሮ ይደርቃል። ስለዚህ ለእኛዎቹ ሕይወት ማለት መንገድ ነው፤ ከሐይቅ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ጅረት፣ ከጅረት ወደ ረግረግ፣ ከዚያም መልሶ ወደ ሐይቅ። መንገዱ በየትኛውም ቦታ ከተቆረጠ የሚጠብቅ እንቁላል የለም።

ማን ምን አጠና?

የጣናን ዓሦች በሳይንስ መዝገብ ያስገባው የመጀመሪያው ሰው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። እ.ኤ.አ. በ1832 እና በ1833 በጎንደርና በአካባቢው ቆይቶ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ የበርካታ ዓሦችን መግለጫ አሳተመ። ከእነሱ አንዱ የአገሩ ሰው እንደሚጠራው በሶ ተብሎ ተመዝግቧል። ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ ኤድዋርድ ዴገን ለለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም የጣና ዓሦችን ሰበሰበ፤ ጆርጅ አልበርት ቡላንዤም እ.ኤ.አ. በ1902 ከትንንሾቹ ባርበሶች ሁሚሊስንና ፕሌሮግራማን ጨምሮ ብዙዎቹን ገለጸ። በአፍሪካ ጭራሽ ያልተጠበቀው የእስያ ዘመድ፣ ዛሬ አፍሮኔማኬይለስ አቢሲኒከስ የሚባለው፣ የተመዘገበውም በዚያው ዓመት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የመጠቅለልና የመፍታት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 እንግሊዛዊው ባኒስተር የምሥራቅ አፍሪካን ትልልቅ ባርበሶች ሲከልስ የጣናዎቹን አብዛኞቹን በአንድ ዝርያ ጠቀለላቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኔዘርላንድስ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሊዮ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ጥቅሉን ፈቱት። የአፍን ቅርጽ፣ የጉሮሮ ጥርስን፣ የአንጀትን ርዝመትና የአመጋገብን ልማድ አንድ በአንድ ለክተው፣ በሐይቁ 15 የላቤኦባርበስ (ነጭ ዓሣ የሚባሉት ትልልቅ ባርበሶች) ዝርያዎች መኖራቸውን አሳዩ። ከእነሱ ስምንቱ ዓሣ በሎች ናቸው። መንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለውና ሆዱም በወጉ ያልተለየ የዓሣ ቤተሰብ ስምንት አዳኞችን ማፍራቱ በዓለም ላይ ልዩ ነገር ነው።

የአገራችን ተመራማሪዎች ድርሻም ከባድ ነው። ተስፋዬ ውድነህ እ.ኤ.አ. በ1998 በባሕር ዳር ባሕረ ሰላጤ የዓሣ ክምችት ላይ የዶክትሬት ሥራ ሠሩ። እሸቴ ደጀን እ.ኤ.አ. በ2003 ዶክትሬታቸውን የሠሩት በቀጥታ በትንንሾቹ ባርበሶች ሥነ ምሕዳር ላይ ነው፤ ከማርቲን ደ ግራፍና ከሌሎች ጋር ሆነውም እ.ኤ.አ. በ2000 ታናፔላጊየስ የተባለውን አዲስ ዝርያ ገልጸዋል። አበበ ጌታሁን ከአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከሜላኒ ስቲያስኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ከኢትዮጵያ አምስት አዳዲስ የጋራ ዝርያዎችን ሲያስመዘግቡ፣ አንዷ የሐይቁን ስም ይዛ ጋራ ታና ተባለች። ዋሴ አንተነህ የዓሦቹን የመራቢያ ጉዞ በሰሜናዊዎቹ ወንዞች በድርማና በመገጭ ተከትለው አጥንተዋል።

ይህን ሁሉ ሥራ ደርድሮ ያየ ሰው አንድ ክፍተት ይታየዋል። ናሙናው የተሰበሰበው በአብዛኛው ከሐይቁና ከወንዞቹ የታችኛው ክፍል ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ከሚወስደው አስፋልት በላይ፣ ወደ ፋርጣ፣ ወደ እስቴና ወደ እብናት በወጡ ቁጥር ጥናቱ ይሳሳል። ዝቅተኛው ሜዳ የሚታወቀው በዝርያ ስም ነው፤ ደጋው የሚታወቀው በጥቅሉ «ትንንሽ ዓሣ አለበት» ተብሎ ነው።

ድንጋይ ሥር ያሉት

ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ጅብራና አስታ ካለበት አናቱ ላይ የሚንጠባጠበው ውኃ በገብስና በድንች ማሳዎች መሀል አልፎ፣ በባህር ዛፍ በተከበቡ ቀዬዎች ግርጌ ወርዶ፣ ርብንና ጉማራን ይመግባል። ጅረቱ ቁልቁል ሲሮጥ አሸዋ አይዝም፤ የሚተኛበት ጠጠርና ድቡልቡል ድንጋይ ነው። በዚህ ዓይነት ውኃ ለመኖር መዋኘት ብቻ አይበቃም።

ጋራን በቅርብ ላየ ሰው መፍትሔው ወዲያው ይገባዋል። ሰውነቷ ክብ ዘንግ የመሰለ፣ ጀርባዋ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሆዷ ጠፍጣፋ ነው። አፏ ከጭንቅላቷ ሥር ነው የተቀመጠው፤ ከታችኛው ከንፈሯ ኋላ ክብ ሥጋዊ ሰሌዳ አለ። ይህን ሰሌዳ ድንጋዩ ላይ ለጥፋ ደራሹ ውኃ በላይዋ ሲያልፍ ባለችበት ትቆያለች። ድንጋዩ ላይ የበቀለውን ቀጭን አረንጓዴ ሽፋን እየፋቀች ትበላለች። በሐይቁ የምትኖረው ጋራ ሬግሬሰስ ግን ይህ ሰሌዳዋ እጅግ ተቀንሷል፤ ደራሽ በሌለበት ቦታ የሙጥኝ ማለት ስለማያስፈልግ። አንድ የአካል ክፍል ብቻ ዓሣዋ ከጅረት ወደ ሐይቅ መግባቷን ይመሰክራል።

የጋራ አኗኗር ከድንጋዩ ንጽሕና ጋር የታሰረ ነው። ማሳው ታጥቦ ጅረቱ በደለል ሲሸፈን ምግቧ ከሥሩ ይጠፋል። ጋራ የራቀችውን ጅረት ያየ ገበሬ ከላይ ያለው አፈር እየሄደ መሆኑን ከማንም ቀድሞ ማወቅ ይችላል። የአፈር ጥበቃ ባለሙያዎች በየቀበሌው እርከን ሲያሠሩ ውጤቱን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም፤ በየዓመቱ በጋ ላይ የተወሰኑ ድንጋዮችን አንስቶ ሥራቸው የቀረውን ዓሣ መቁጠር ብዙ ይናገራል።

የክረምቱ ጉዞ

የላቤኦባርበስ ትልልቆቹ ዓሦች የልጅነት ቤታቸው ጅረት ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ወንዞቹ ሲሞሉ ከሐይቁ ተነስተው ወደ ወንዞቹ አፍ ይሰበሰባሉ፤ ነሐሴና መስከረም ላይ ጉዞው ይጠነክራል፤ ጥቅምት ላይ ያበቃል። በጉማራ ላይ በተሠራ ጥናት ቢያንስ ሰባት ዝርያዎች ወደ ወንዙ ለመራባት እንደሚወጡ ታውቋል። ሁሉም ባንድ ጊዜ አይወጡም፤ አንዱ ቀደም፣ ሌላው ዘግየት ይላል። ይህ የጊዜ መለያየት ዝርያዎቹ ሳይደባለቁ እንዲኖሩ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ነው ተብሎ ይታመናል።

የሚራቡት በዋናው ደፍራሽ ወንዝ አይደለም። ከጉማራ ወጥተው ጠጠር ወዳለባቸውና ጥርት ወዳሉ ትንንሽ ገባሮች ይገባሉ። ቦታው ጥልቀት የለውም፤ ውኃው በድንጋይ ላይ እየተንከባለለ አየር ይቀላቅላል። እንቁላሉ በጠጠሩ መሀል ይወድቅና ከሥር በሚያልፈው ንጹሕ ውኃ ይተነፍሳል። ደለል ከመጣ ክፍተቱ ይደፈናል፤ እንቁላሉም ታፍኖ ይሞታል። ወላጆቹ ወደ ሐይቁ ሲመለሱ ጫጩቶቹ በገባሩ ይቀራሉ። በነዚያ ሳምንታት ነጭ ዓሣ ማለት በደቡብ ጎንደር ገበሬ ማሳ ዳር የሚዋኝ፣ ጥፍር የማያህል ፍጡር ነው።

ክርክሩ ያለው በቀሩት ዝርያዎች ላይ ነው። ከ15ቱ ውስጥ በወንዝ ሲራቡ ያልታዩ አሉ። አንደኛው ወገን እነዚህ በሐይቁ ዳርቻ ይራባሉ ይላል። ሌላው ወገን ገና ያልተጠኑ ወንዞችና ጅረቶች እያሉ እንዲህ ማለት መቸኮል ነው ይላል። የኔ ዝንባሌ ወደ ሁለተኛው ነው። ምክንያቱም እስከ ዛሬ የመራቢያ ቦታ ዝርዝር የረዘመው አዲስ ገባር በተፈተሸ ቁጥር ነው፤ ያልተፈተሸውም አብዛኛው ደጋው ላይ ነው።

ሁለተኛው ክርክር የሐይቁ ዕድሜ ነው። ከሐይቁ ወለል የወጣ የደለል ናሙና ጣና በመጨረሻው የበረዶ ዘመን መገባደጃ ደርቆ እንደነበር፣ ከ15 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ እንደገና መሙላቱን ያሳያል። የዘር ጥናቱም 15ቱ ዝርያዎች በጣም ወጣት መሆናቸውን ይደግፋል። ታዲያ ሐይቁ ሲደርቅ ወላጆቻቸው የት ነበሩ? ከፏፏቴው በላይ የቀረ ውኃ ካለ፣ ከተራሮቹ የሚወርዱት ወንዞች ናቸው። ይህ እውነት ከሆነ የጣና ዓሦች የወንዝ ልጆች ናቸው፤ በየክረምቱ የሚያደርጉት ጉዞም ወደ ትውልድ ቤታቸው ነው።

ጣት የማያህሉት ባርበሶች

በሐይቁ ውስጥ ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ትንንሾቹ ባርበሶች ናቸው። ዛሬ ኤንተሮሚየስ በሚባለው ወገን የሚመደቡት ሦስቱ ዝርያዎች ከ10 ሴንቲሜትር አያልፉም። ሁሚሊስ ዳር ዳሩን፣ ቄጤማና ደንገል ያለበትን ይመርጣል። ታናፔላጊየስ ሰፊው ውኃ መሀል በመንጋ ይውላል፤ ምግቡም ለዓይን የሚያስቸግሩ ተንሳፋፊ ነፍሳት ናቸው። ፕሌሮግራማ በዳርቻውና በረግረጉ በኩል ይገኛል። ዓሣ በሎቹ ላቤኦባርበሶች ከሁሉ በላይ የሚመገቡት እነዚህን ነው። እንግዲህ ሚዛን ላይ የሚወጣው አዳኝ ዓሣ በአብዛኛው የተሠራው ከማይመዘኑት ነው።

እነዚህን ዓሦች እናጥምድ ወይስ እንተዋቸው? «እናጥምድ» የሚሉት ወገኖች ምክንያት ቀላል አይደለም። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳጋ የምትባለው ትንሽ ዓሣ ደርቃ ለሚሊዮኖች ምግብ ሆናለች። ትንሽ ዓሣ ከነአጥንቱና ከነጭንቅላቱ ስለሚበላ ካልሲየም፣ ብረትና ቫይታሚን ኤ ይሰጣል፤ ይህም ለደሃ ቤት ልጆች ትልቅ ነገር ነው። የእሸቴ ደጀን ጥናትም ትንንሾቹን ባርበሶች ማሥገር ይቻል እንደሆነ በቀጥታ የመረመረ ነው። በሌላው ወገን ያለው ስጋት ደግሞ ይህ ነው፦ አዳኞቹ ላቤኦባርበሶች በመረብ እየተመናመኑ ባሉበት ጊዜ ምግባቸውንም ከወሰድን ሁለቱንም እናጣለን።

ሌላም ነገር አለ። ከትንንሾቹ ባርበሶች የተወሰኑት በሆዳቸው ሊጉላ የሚባል ጥብጣብ የመሰለ ነጭ ትል ይዘው ይገኛሉ። ትሉ ከጥቃቅን የውኃ ነፍሳት ወደ ዓሣው፣ ከዓሣው ወደ ዓሣ በል ወፍ ይሻገራል። የተያዘው ዓሣ ሆድ ሲከፈት ትሉ ተጠቅልሎ ቦታውን ሞልቶ ይወጣል፤ ዓሣው መራባት ያቅተዋል። ሰውን አይጎዳም፤ ገበያ ላይ ግን ገዢ ያሸሻል። ይህን ሁሉ ሳያመዛዝኑ መረብ ማውረድ አይገባም። መጀመሪያ አዳኞቹ ይረፉ፤ ቀጥሎ በተወሰነ ቦታ በሙከራ ይታይ።

ፎገራ፦ በሩዝና በረግረግ መሀል

ርብና ጉማራ ወደ ሐይቁ ከመግባታቸው በፊት የሚዘረጉበት የፎገራ ሜዳ፣ ከከብቱ ዝርያ ጀምሮ ታሪኩ በሙሉ የጎርፍ ታሪክ ነው። ክረምት ወንዞቹ ገንፍለው ሜዳውን ይሸፍናሉ፤ በመሀሉ ወላላና ሸሸር የሚባሉት ረግረጎች ይሞላሉ። አምባዛ፣ ቆሮሶና ትንንሾቹ ባርበሶች ለመራባትና ለመፋፋት ወደዚያ ይገባሉ። ውኃው ሲሸሽ የቻለው ከነልጁ ወደ ወንዙ ይመለሳል።

ይህን ሥርዓት ሁለት ነገሮች ለውጠውታል። አንደኛው ሩዝ ነው። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እገዛ የገባው ሩዝ፣ በተለይ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ፣ ፎገራን የአገሪቱ የሩዝ መዲና አድርጓታል፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ላይ ነው። ሩዝ ለዓሣ የግድ ጠላት አይደለም። ውኃ የቆመበት ማሳ ለትንሽ ባርበስ መዋያ ይሆናል፤ ዓሣውም የትንኝ እጭ ይበላል። በእስያ ሩዝና ዓሣ ባንድ ማሳ ማርባት የቆየ ልማድ ነው። ሁለተኛው ነገር ግን የበጋው ሥራ ነው። ረግረጎቹ በሞተር ፓምፕ እየተሳቡ፣ ውኃው የሸሸበት መሬትም ለሽምብራና ለሽንኩርት እየታረሰ፣ ወላላና ሸሸር ከዓመት ዓመት ጠበዋል። ይህን በቦታው ያጠኑ የአገራችን ተመራማሪዎች አስጠንቅቀዋል። ጫጩቱ ወደ ወንዙ የሚመለስበት ቦይ ሲታረስ ወይም ሲዘጋ መንገዱ ተቆረጠ ማለት ነው።

የፎገራ ገበሬ ግን ይህን የሚያደርገው ከጥጋብ አይደለም። መሬቱ ጠባብ፣ ቤተሰቡ ብዙ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ሩዙን ከዓሣው ጋር ማጣላት ሊሆን አይችልም።

ከየት በኩል ይጎዳሉ?

የመጀመሪያው መረብ ነው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ሲገቡ፣ ለዘመናት በደንገል ታንኳ ሲያጠምዱ ከኖሩት ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብና ከሌሎች የሐይቁ ዳር ሰዎች ሥራ የተለየ ጫና ተፈጠረ። በክረምት ወንዝ አፍ ላይ የተሰበሰበውን ዓሣ ማጥመድ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱም ጎዳ። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የላቤኦባርበስ መጠን በሦስት አራተኛ ያህል መውረዱን፣ የጫጩቶቹ መመናመን ደግሞ ከዚህም የከፋ መሆኑን አሳይተዋል።

ሁለተኛው ብርብራ ነው። በላይኛው ወንዝ ይህ ከመረብ የባሰ ነው። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ደርቆ፣ ተወቅጦ ዱቄት ከሆነ በኋላ ከኩሬው በላይ ባለ ፈሳሽ ላይ ይበተናል። ውኃው ለጥቂት ጊዜ ይነጣል። ቀድመው የሚወጡት ትንንሾቹ ናቸው፤ ጎናቸውን ይዘው ይዞራሉ፣ አፋቸውን ከውኃው በላይ ያወጣሉ። ዱቄቱ ዓሣው ከውኃ አየር እንዳይጠቀም ያደርገዋል። ሰው ትልልቆቹን ለቅሞ ይሄዳል፤ ጫጩቱ፣ ጋራውና የውኃው ነፍሳት በሙሉ ይቀራሉ። ለአንድ ቀን ወጥ የአንድ ዓመት ትውልድ ይከፈላል።

ሦስተኛው ደለል ነው። የጉናና የአካባቢው ቁልቁለቶች በተራቆቱ ቁጥር ርብና ጉማራ የሚሸከሙት አፈር ጨምሯል። አሸዋና ጠጠር ለግንባታ ሲዛቅም በቀጥታ የሚዛቀው የመራቢያው አልጋ ነው።

አራተኛው ግድብ ነው። 73 ሜትር ከፍታና 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የመያዝ አቅም ያለው የርብ ግድብ በፎገራና በሊቦ ከምከም በኩል እስከ 20,000 ሄክታር ለማልማት ታስቦ የተሠራ ነው። ለአካባቢው ገበሬ ያለው ጥቅም አያጠያይቅም። ነገር ግን ግድብም ሆነ ከሥሩ ያለ የመስኖ መጥለፊያ ወደ ላይ ለሚወጣ ዓሣ ሁለተኛ ጢስ ዓባይ ነው። በጋ ላይ ወንዙ በፓምፕ ሲደርቅ ደግሞ በኩሬ በኩሬ የተጠራቀሙት ጫጩቶች መውጫ ያጣሉ።

አምስተኛው እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ የታየው የእምቦጭ አረም ነው። ሁሚሊስና ጫጩቶቹ የሚውሉበትን ጥልቀት አልባ ዳርቻ ይሸፍናል፤ ከሥሩ ያለው ውኃም አየር ያጥረዋል። ለእምቦጭ የተደረገው ዘመቻ አገር ያወቀው ነው። ጅረቶቹ ግን እንዲህ ዓይነት ዘመቻ አላዩም።

ከዚህ ወዴት?

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ የአማራ ክልልም የራሱን አውጥቷል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል። የጎደለው ሕጉ የሚሠራበት ቦታና ወቅት ነው። ጥበቃው የቆመው በሐይቁ ወደብ ላይ ነው፤ ዓሣው የሚጠፋው ግን ጠጠሩ ላይ ነው።

አራት ነገሮች ሊቀድሙ ይገባል። አንደኛ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በርብና በጉማራ አፍ፣ እንዲሁም ጠጠር ባላቸው ገባሮች ሁሉ ማጥመድ ይቁም። ይህ የሚከበረው ደግሞ በዘበኛ ብዛት አይደለም፤ ገባሩ የሚያልፍበት ቀበሌ ወስኖ ሲጠብቀው ነው። የግጦሽ መሬቱን በክልከላ መጠበቅ የሚያውቅ ማኅበረሰብ ለአራት ወር አንድ ኩሬ መጠበቅ አያቅተውም። ብርብራን በተመለከተ የሽማግሌና የቄስ ቃል ከቅጣት ወረቀት ይበልጥ ይሰማል።

ሁለተኛ፣ በግድቡና በመጥለፊያው ሥር ወንዙ በጋ ላይ ጭራሽ እንዳይደርቅ የሚለቀቅ ውኃ ይወሰን፤ አዳዲስ መጥለፊያዎች ሲነደፉም የዓሣ መተላለፊያ አብሮ ይሠራ። የግድቡ ማጠራቀሚያ ዓሣ ሲጨመርበት የተፋሰሱ ተወላጅ ብቻ ይሁን። በቪክቶሪያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የገባው የናይል ፐርች ምን እንዳጠፋ ዓለም ያውቃል፤ ጣናን የመሰለ በፏፏቴ የተነጠለ ውኃ እንዲህ ያለ ሙከራ አይችልም።

ሦስተኛ፣ በፎገራ ወላላንና ሸሸርን ከወንዞቹ የሚያገናኙት ቦዮች ከእርሻ ነጻ ሆነው ይከለሉ፤ ከረግረጎቹ መሀል ያለው ጥልቅ ክፍልም በፓምፕ አይነካ። በቀረው መሬት ላይ ሩዙ ይቀጥል። ወረታ ያለው የምርምር ማዕከልና የባሕር ዳሩ የዓሣ ምርምር ማዕከል ተባብረው ሩዝና ተወላጅ ዓሣ ባንድ ማሳ የሚኖሩበትን መንገድ ቢፈትሹ፣ ገበሬው ረግረጉን ለመጠበቅ የራሱ ምክንያት ይኖረዋል።

አራተኛውና ለእኔ ዋናው፣ ደጋው ይመዝገብ። ኪሊፊሽ የሚያረቡ የአውሮፓና የአሜሪካ ሰዎች ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ዓሣ ሲይዙ ከየትኛው ጅረት፣ በየትኛው ዓመት እንደተያዘ ጽፈው ይይዛሉ፤ የአንዱን ጅረት ዓሣ ከሌላው አያዳቅሉም። አብዛኞቹ ሳይንቲስቶች አይደሉም፤ ግን ከየጅረቱ የተለየ ዘር እንዳለ በመጀመሪያ ካስተዋሉት መሀል ናቸው። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ከጉና ግርጌ ነው። የባዮሎጂ ተማሪዎቹ ከፋርጣ፣ ከእስቴ፣ ከደራ፣ ከጋይንት የመጡ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከቤታቸው በታች የሚያልፈውን ጅረት ያውቁታል። ለመመረቂያ ጽሑፍ አንድ ተማሪ አንድ ጅረት ቢይዝ፣ የዓሣውን ዓይነት፣ የጠጠሩን ሁኔታ፣ ውኃው የሚቆምበትን ወር ቢመዘግብ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ማንም የሌለው መዝገብ ይኖረናል። የመራቢያ ቦታቸው ያልታወቀ ዝርያዎች ጥያቄም ምናልባት በዚያው መንገድ ይመለሳል።

እስከዚያው ድረስ በወረዳ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ዕቅድ ላይ አንድ ለውጥ ማድረግ ይቻላል። ዓሣ የሐይቅ ዳር ወረዳዎች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መያዙ ይቅር። ፋርጣና እስቴ ሐይቅ ባይነካቸውም የጣና ነጭ ዓሣ ከእነሱ ምንጭ ነው የሚጀምረው። ከላይ የሚሠራው እርከን፣ የሚተከለው ዛፍና የሚጠበቀው ጠጠር የዓሣ ሥራ ሆኖ ሊቆጠር፣ በጀትም ሊይዝ ይገባል። ከታች ያለው አጥማጅ የሚያገኘውን የሚወስነው ከላይ ያለው ገበሬ ነው፤ ሁለቱን ባንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጥ ዕቅድ እስኪኖር ድረስ በሐይቁ ላይ የሚደረገው ጥበቃ ሁሉ ግማሽ ሥራ ነው።